የሰዓቱ ጨዋታ

ባለፈው ዓመት ልጄን ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከወጥ ቤት ሆኜ ሁለት ጊዜ ጠራኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠረጴዛዋ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ሦስተኛ አልጠራኋትም። እኔ ሰውን ሦስት ጊዜ አልጠራም። ሁለት ጊዜ ጠርቼው ዝም ያለኝ ሰው ንቆኛል፤ የናቀኝ ሰው ጠልቶኛል፤ የጠላኝ ሰው ደግሞ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ስለዚህ እሱ ከመሄዱ በፊት እኔ ልቤን ቀድሜ አነሳለሁ። ይህን ሁሉ አስቤ ለመጨረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ የመቅዳት ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅብኝም። ከአባቷ ጋር የተለያየነውም በዚሁ መንገድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ አንድ ወር ሙሉ እራት ላይ ዝም ሲል፣ እኔ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ሌላ ሴት አልነበረችም። ይህን ያወቅኩት ፍቺያችን ካለቀ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጄ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም እኮ!»

«ሁለት ጊዜ ስጠራሽ ዝም አላልሽኝም?»

ትንሽ አሰበችና ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አሳየችኝ። ሽንብራ የምታክል ነጭ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ተሸጉጣለች።

«ሙዚቃ እየሰማሁ ነበራ! መጥተሽ ትከሻዬን ብትነኪኝ ምን ነበረበት?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስጠራት የማትዞር ሌላ ሴት ትዝ ብላኝ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደጠላችኝ እርግጠኛ ሆኜ የኖርኩባት ሴት።

የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፤ ሩቅ ቦታ መደወል የፈለገ ሰው ለእሷ ነግሮ፣ እሷ ገመዱን ቀዳዳው ላይ ሰክታ በምታገናኝበት ዘመን። ቤት ውስጥም በር ሲንኳኳ «ሀሎ!» ማለት ስለማይለቃት፣ እኔ አፌን ስፈታ ስሟን ትቼ «ሀሎዬ» አልኳት፤ በዚያው ጸና። እሷ ደግሞ እኔን «ድንቢጤ» ትለኛለች። አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለነበር ቤታችን የሴቶች ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ እናቴ ሳሎን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች፣ እኔና ሀሎዬ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ዘርግተን እንተኛለን። እናቴን እፈራታለሁ። ሀሎዬን ግን እወዳታለሁ፤ በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ በላይ የምትወደው ሰው እንደሌለም አምን ነበር።

ጨዋታውን ያመጣችው እሷ ናት። ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ ነው የጀመርነው።

እንዲህ ነው የምንጫወተው። ሀሎዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። በአንድ መዳፏ አንዱን ጆሮዋን ትደፍንና የሌላውን እጅ ጣት ወደ ላይ ትቀስራለች። እኔ ባለ ሁለት ደወሉን የጠረጴዛ ሰዓቷን ደረቴ ላይ አቅፌ ከኋላዋ እቆማለሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላዬ አንድ አንድ የወለል ንጣፍ እየረገጥኩ እሄዳለሁ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጣቷ ሲወርድ እቆማለሁ፣ ከአልጋዋ እስከቆምኩበት ያለውን ንጣፍ እቆጥራለሁ፣ ሮጬ ፊቷ መጥቼ እነግራታለሁ። ከኋላ ሆኖ መናገር አይፈቀድም፤ ሕጉ ፊቷ ቆሞ መናገር ነው። እሷም ቁጥሩን የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች።

ክፍላችን ከአልጋዋ እስከ በሩ አሥራ አንድ ንጣፍ ነበር። ስንጀምር አሥራ አንድ አገኘሁ፣ ጀርባዬ በሩን ነካ። «ጎበዝ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ቁጥሩ የእኔ ነጥብ መሰለኝ። የምጫወተው እኔ፣ የምሄደው እኔ፣ የምቆጥረው እኔ፤ የማን ነጥብ ሊሆን ነው ታዲያ?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘጠኝ ሆነ። ከዚያ ስምንት። ከዚያ ስድስት። ጣቷ ቶሎ ቶሎ መውረድ ጀመረ። የቻልኩትን ሁሉ ሞከርኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ሄድኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ሰዓቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። አልሆነልኝም። ቁጥሩን ስትጽፍ ፊቷ ላይ የማየውን ነገር ቅሬታ ብዬ ሰየምኩት። በእኔ ያዘነች መሰለኝ። ጨዋታው እያሰለቻት ሲመጣ ቶሎ ለመገላገል ጣቷን የምታወርድም መሰለኝ።

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ሁሉ ቁጥር የመስማት ችሎታዋ ነበር። ሐኪም ቤት ያለው መሣሪያ የሚነግራትን ማመን አቅቷት፣ በስምንት ዓመት ልጅ እግርና በጠረጴዛ ሰዓት ትለካው ነበር። እያለቀ የነበረው ነገር ለእኔ ያላት ፍቅር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ማየት ጀመርኩ። መንገድ ስንሄድ እጄን የምትይዘው በቀኟ ብቻ ሆነ፤ በግራዋ ከሄድኩ ዞራ መጥታ ታስተካክለኛለች። ምግብ ስንበላ ቦታ ለወጠች፤ ከእኔ ጎን መቀመጧን ትታ ከፊት ለፊቴ ሆነች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በጎኗ ተጋድማ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ አገኘኋት። «ሀሎዬ» አልኳት፣ ዝም። «ሀሎዬ!» አልኳት፣ ዝም። ጥጡን የወተፈችው እኔን ላለመስማት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እንዲያውም ስለ ሌላ ምክንያት ለማሰብ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላባከንኩም። አልጋው ሥር ጠብታ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ነበረች፤ አይቻታለሁ፣ ግን አልቆጠርኳትም። ይህ አመል ዛሬም አለብኝ፤ ከፍርዴ ጋር የማይገጥም ነገር ሲገጥመኝ አያለሁ እንጂ አልቆጥረውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ስሠራ የእናቴ የስፌት መኪና ድንገት ጸጥ አለ። እናቴ መኪናዋን የምታቆመው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ጆሮዬን አቆምኩ።

«እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ?» አለች እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት እናቴ ለእህቷ ስትናገር ሁልጊዜ ትጮህ ነበር። እኔ ጠብ ነበር የሚመስለኝ።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ዝውውር ጠይቄያለሁ። እሱ እስኪመጣልኝ ብቻ።»

«እስከዚያ ሰው ቢጎዳስ? አምቡላንስ የጠራውን ሰው ተሳስተሽ ሌላ ቦታ ብታገናኚውስ?»

«እጠነቀቃለሁ አልኩሽ።»

«አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ! ውርድ ከራሴ!»

በዚያ ዕድሜዬ ትልቅ ሰው የሚደብቀው ነገር ባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዝውውር ማለትም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አባቷ ዝውውር መጥቶለት ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ሲሄዱ ዓይኔ እያየ ነው። ሀሎዬ ልትሄድ ነው። ባል አግኝታለች፣ እኔን ደግሞ ከጠላችኝ ቆይታለች፣ ቁጥሩም ይመሰክራል። የጠየቀችው ዝውውር ግን እዚያው ስልክ ቤት ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል ነበር፤ ጆሮ የማያስፈልገው ሥራ። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ ተበሳጨሁ፤ አሁን ግን እኔም ጠይቄያቸው እንደማላውቅ አስታውሳለሁ። እኛ ቤት ሰው አይጠየቅም ነበር፣ ይፈረድበታል እንጂ።

በማግስቱ ሰዓቱን አቅፌ አራተኛው ንጣፍ ላይ ስደርስ ጣቷ ወረደ። ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

«ስንት?»

«ስምንት» አልኳት።

ዓይኗ ፈካ። «እውነትሽን ነው? እንደገና እንሞክር።»

እንደገና ሄድኩ። አሁንም አራት ላይ ወረደ። «ዘጠኝ» አልኳት።

አቅፋኝ ብድግ አለች። እኔን እንደያዘች ክፍሉ ውስጥ ዞረች፣ ሰዓቱ በመካከላችን ቀጭ ቀጭ ይላል። ያን ቀን እንደ ድሮው ከጎኔ ተቀምጣ በላች፣ አሳቀችኝ፣ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ተጫወትን፤ እኔም በየቀኑ ዋሸሁ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አንድ ቀን ሳሎን ገብታ ለእናቴ «እየተሻለኝ ነው፤ ጠብታው ሠርቷል። ዝውውሩንም ተውኩት፣ ማመልከቻዬን መልሼ ወሰድኩ» ስትላት ሰማሁ። እናቴ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ በደስታ ዘለልኩ። በውሸቴ አስቀረኋት። ሰው የሚቀረው ጥሩ ቁጥር ሲነገረው ነው ብዬ ያን ቀን ተማርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ሳትቀመጥ «ሰዓቱን አምጪው» አለችኝ። አልጋዋ ላይ እንደ ወትሮው ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ላይ ግን የእጅ መስተዋት ነበር። ፀጉሯን ልታበጥር መሰለኝ። ሦስት ንጣፍ ስሄድ ጣቷ ወረደ። ሮጬ ሄድኩና «ዘጠኝ!» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

መስተዋቱን ገልብጣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ሰዓቱን ከእጄ ወሰደችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ እኔ የማልደርስበት ቦታ ሰቀለችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ።

የዚያን ዕለት ቂም ያዝኩ። ከደብተሬ ጀርባ አንድ ገጽ ቀደድኩና መዝገብ ከፈትኩባት። ሁለት ጊዜ ስጠራት ዝም ካለችኝ አንድ ሰረዝ። ሁሌም ከጀርባዋ ነበር የምጠራት፤ ከፊት ስጠራት ትመልስልኛለች፣ የሚመለስልኝ ደግሞ ለመዝገቤ አይጠቅምም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ገጹ በሰረዝ ሞላ። ስለራሴ አሳብ አካሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ያንን ገጽ ባሳየሁት ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኖርኩት ሕይወት በሙሉ እዚያ ላይ አለ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የሰፋችውን ልታስረክብ ስትወጣ፣ ሀሎዬ ስልክ ቤት ይዛኝ ሄደች። ኦፕሬተሮቹ በረጅም ሰሌዳ ፊት ተደርድረው፣ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሰሌዳው ላይ ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ይላሉ፤ መብራት ሲበራ ገመድ አንስተው ይሰካሉ፣ «ሀሎ፣ የት ላገናኝዎት?» ይላሉ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሀሎዬ ማዳመጫዋን በእጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ ጎንበስ ብላ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር የምትሠራው። ሌሎቹ እየሠሩ ይሳሳቃሉ። እሷ ግን ቀና አትልም። ትዕቢት መሰለኝ።

የፈረቃ ኃላፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወፍራም፣ ደግ ሴትዮ ነበረች። ከረሜላ ሰጠችኝና ከጎኔ ቁጭ አለች።

«ምነው ኮስተር አልሽ የኔ ልጅ? አክስትሽ ተቆጣችሽ እንዴ?»

ከረሜላዋን በጉንጬ ይዤ ለአንድ ሳምንት ያጠራቀምኩትን ነገር አወጣሁት።

«አትወደኝም። ሆን ብላ ነው ዝም የምትለኝ። ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።»

«ኧረ በሥራ ተወጥራ ነው! እሷን የመሰለች ሴት።»

«አንቺንም ዝም ትልሻለች» አልኳት። ይህን ቃል ለቃል አስታውሰዋለሁ። «ከኋላዋ ሆነሽ ሁለት ጊዜ ጥሪያት። ሁሌ እንደዚያ ናት። ከፈለግሽ ሞክሪያት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔን ለማባበል ይመስለኛል፣ ሀሎዬ ማዳመጫዋን አውርዳ ውኃ ለመጠጣት ስታጎነብስ ጠብቃ በስሟ ጠራቻት። ሀሎዬ ብርጭቆውን አነሳች። ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። በረድፉ ያሉት ኦፕሬተሮች ሁሉ ዞሩ። ያልዞረችው አንዲት ብቻ ናት።

የተሰማኝን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። ለካ እኔን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው የምትንቀው! ወደ ሴትዮዋ ቀና ብዬ «አላልኩሽም?» አልኳት። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ከኪሷ የቁልፍ ዘለላ አወጣችና ከሀሎዬ ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ድምፁ ክፍሉን አናወጠው፣ አንዷ ኦፕሬተር ደንግጣ ብድግ አለች። ሀሎዬ ውኃዋን ተጎነጨች። ከዚያ ሁሉም ወደ እሷ ማየታቸውን በዓይኗ ጠርዝ አየች መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ዞረች። ወለሉ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች። ኃላፊዋን አየች። በመጨረሻ ከረሜላ በጉንጬ የያዝኩትን እኔን አየች።

እዚያ ቦታ ላይ ልረዳው እችል ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ቁልፍ ሲወድቅ የማይደነግጥ ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ አያንስም። ነገሩ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ ግን ፍርዴን ሰጥቼ ስለጨረስኩ ማስረጃ አልፈልግም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አልያዘችኝም። ቤት እንደደረስን በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ግማሽ ግማሹን ነው።

«ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም! አንዲት ነፍስ አልነበረችም!»

«ምን እያልሽ ነው? ረጋ ብለሽ ንገሪኝ።»

«እነግራቸዋለሁ ብለሽኝ አልነበር? ራስሽ መሄድ ቢያቅትሽ ልጅሽን አስጠንተሽ ላክሽብኝ! ሕፃን ልጅ ‹ከኋላዋ ሆነሽ ጥሪያት› የሚለውን ከየት ታመጣዋለች? ደብቀሽ ሠርተሻል ብለው አባረሩኝ!»

በሩ ተከፈተና እናቴ ወጣች። አጎንብሳ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ስልክ ቤት ለሴትዮዋ ምን አልሻት?»

እናቴ ስትቆጣ የምትመታው በቀበቶ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምንም» አልኳት።

«ምንም?»

«ከረሜላ ሰጠችኝ እንጂ አላወራንም።»

ቀና አለች። ፊቷ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር አየሁት። «ልጄ ምንም አላለችም» አለች ወደ ክፍሉ እየተመለሰች። «ለመሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ምክንያት ግን በእኔ ልጅ ላይ አትፈልጊ።»

በማግስቱ ጠዋት ሀሎዬ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እናቴ የስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች ነበር፣ ቀና አላለችም። እኔ በመስኮት በኩል አየኋት። መንገዱን ስትሻገር ቂሜ ሁሉ ጠፋ፣ መስኮቱን ከፍቼ «ሀሎዬ!» ብዬ ጮህኩ። አልዞረችም። «ሀሎዬ!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ሻንጣዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ለወጠችና መንገዷን ቀጠለች። ሦስተኛ አልጠራኋትም። ሁለት ጊዜ ጠርቻት ካልዞረች ጠልታኛለች፤ መስኮቱን ዘጋሁት። እኔ የቆምኩት ከእሷ ሃያ ሠላሳ ንጣፍ ርቀት ላይ ነበር፤ እሷ ግን ሦስት ንጣፍ ነበር የቀራት።

ሁለቱ እህትማማቾች ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ሀሎዬ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ሆና ገባች ሲባል ሰማሁ፤ ጭራሽ መስማት እንደተሳናትም ሰምቻለሁ። ጆሮዋን ግን ከሄደች በኋላ የመጣ ነገር አድርጌ አስቀመጥኩት። ለእኔ የሚመቸኝ እሱ ነበር። እናቴ ልትሞት ስትቃረብ፣ አንድ ቀን ትራሷን ሳስተካክልላት እጄን ያዘችኝ።

«ያን ቀን ስልክ ቤት ምንም አላልሻትም አይደል?»

«የቱን ቀን? ኧረ እኔ አላስታውስም እማዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ረስቼው ነበር፤ የመለሰልኝ በኋላ የልጄ ማዳመጫ ነው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ «እሷም ልጅ ምክንያት አድርጋ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ሀሎዬ ቀብሩ ላይ አልመጣችም። እኔም ይኸው ጥላቻዋ እስከ መቃብር ነው ብዬ ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገርኩ።

ከልጄ ማዳመጫ በኋላ አድራሻዋን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ። ያገኘኋት ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፣ ጣቶቿ ላይ ግን የሙጫው ቢጫ አሁንም አለ። በሩን ከፍታ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ድንቢጤ!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ ዝርግ ሆኖ። አቀፈችኝ። ወንበር ሰጠችኝና እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ብርሃኑ እኔ ፊት ላይ እንዲወድቅ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አፍሽን በእጅሽ አትከልይ። ማተሚያ ቤት ተመችቶኝ ነበር፤ መኪናው ስለሚጮህ እዚያ የሚሰማ ሰው የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው የሚያወራው።» ሳቀች። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ፎቶዋን አሳየኋት። ይህ ሁሉ ደግነት ከብዶኝ ፎቶውን ሳልመልስ ጀመርኩ።

«እማዬ አልላከችኝም» አልኳት። «ስልክ ቤት። ኃላፊዋን ከኋላ ጥሪያት ያልኳት እኔ ነኝ፣ ከራሴ። አኩርፌሽ ነበር። ጆሮሽን አላውቅም ነበር።»

ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት።

«እህቴ አልላከችሽም።»

«አልላከችኝም።»

«አንቺ መሆንሽን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። በልጅነቴ አንዴ፣ ልትሞት ስትል አንዴ። አንዴ ምንም አላልኩም፣ አንዴ አላስታውስም አልኳት።»

«እንደላከችሽ አውቅ ነበር» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። «ሠላሳ ሰባት ዓመት አውቅ ነበር። ስትታመም ሰው ነግሮኛል። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ መልሼ ፈታሁት፤ እሷ ታውቀዋለች፣ እሷ ትምጣ አልኩ።» ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

መስማት የተሳነው ሰው ዓይኑን ሲጨፍን በሩን ከውስጥ ቆልፏል። ቁጭ ብዬ የተጨፈነ ፊቷን አየሁት። ራሴ ውስጥ ያለችው የስምንት ዓመት ልጅ እርሳሷን አንስታ ሥራዋን ጀመረች፦ ይኸው ጠላችሽ፣ ሳታስወጣሽ ውጪ፣ ቀድመሽ ውጪ። ቦርሳዬን ጨብጬ ብድግ ብያለሁ። ድምፁ የማን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። እስከዛሬ እውነት ሲናገር የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ የሚናገረው ግን ያን ጠዋት መስኮቱ ላይ የቀረችው ልጅ ናት። ባሌንም የፈረደችበት፣ ልጄን ያኮረፈቻት፣ በቀብሩም ቀን ያወራችው እሷ ናት።

በእኔና በሀሎዬ መካከል አራት ንጣፍ ነበር። ሄድኩና ትከሻዋን ነካኋት።

ዓይኗን ገለጠች። እርጥብ ነበር።

በዕድሜዬ ለማንም አቅርቤው የማላውቀውን ጥያቄ ከንፈሬን እየገለጥኩ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ጠልተሽኛል?»

አፌን ካየች በኋላ ዓይኔን አየች። አልተጣደፈችም።

«ያኔ?» አለች። «ያኔ አንድም ቀን ጠልቼሽ አላውቅም። በቁጥር ስትዋሺኝ እንኳ፣ ልጅ ናት፣ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው አልኩ። ያን ጠዋት ስወጣም መስኮት ላይ ትሆናለች ብዬ ነበር፤ ብዞር መሄድ ያቅተኛል ብዬ ሳልዞር ሄድኩ።»

ትከሻዋ ላይ ያለውን እጄን ያዘችው፣ አነሳችውና ወደ እኔ መለሰችልኝ።

«ዛሬ ግን አዎ።»